የሚዞር ወንበር

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናብ ሳያባራ፣
ቢሮዬን ከፈትኩት ከዘበኛው ጋራ።
ጅሬን አይታይም፣ ጭጋግ ተከናንቧል፤
አዌቱም ደፍርሶ ድልድዩን ታክኳል።
ፈቲያ ቆማለች ፌስታሏን ታቅፋ፣
እሷ በስብሳለች፣ ሲቪዋ ግን ተርፋ።

ከኪቶ ፉርዲሳ በእግሯ ነው የመጣች፤
የባጃጁን ብር ለፎቶ ኮፒ አወጣች።
አምስተኛ ዓመት ናት፣ ሲቪል ምህንድስና፤
ጨንቋታል፤ ለመመረቅ ሦስት ወር ቀርቷታልና።

«ቢሮ ያየ ማነው» አልኳት «ከእናንተ ቤት?»
«አባባ» አለችኝ፤ «የግብር ዕለት፤
ስድስት ሰዓት ቆመ ለአንዲት ደረሰኝ፤
ወንበር ሠሪው ሰውዬ ቆሞ ዋለልኝ።»

አባቷ አባ መጫ፣ የሰቃው ጠራቢ፣
በሦስት እግር በርጩማ ስምንት ነፍስ መጋቢ።

ወረቀቷን አየሁ። «የሥራ ልምድ»፣ ሰረዝ።
መዳፏን አየሁት፤ የመሮ ጠባሳ፣ የዋንዛ ወዝ።
«ይኼስ?» ስላት፣ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸገችው፤
«ይኼ የቤት ነው» ብላ እንደ ነውር ቆጠረችው።

«እግሩን ማን ይለካል?» «እኔ።» «ዋጋውንስ?» «እኔ።»
«ሐሙስ ሂርማታ ወስዶ የሚሸጥስ?» «እሱም እኔ።»
«እንግዲያማ ጻፊው፣ በሞቴ!»
«በርጩማ እኮ ነው፤ ይስቁብኛል፣ እቴ።»

አልተከራከርኩም። ተነሥቼ ወንበሬን ለቀቅሁላት፣
ያን ጥቁሩን፣ የሚዞረውን። «ተቀመጪ» አልኳት።
ጫፉ ላይ አረፈች፤
ትራፊክ ሲታይ «ጎንበስ በይ» እንደሚሏት ትርፍ ተሳፋሪ ሆነች።

እኔን ማንም አልነገረኝ፣ እንዲህ ያለ ወንበር እንደሚዞር።
አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ፊት ለፊቴ ሦስት ሰው ነበር።
መልስ ስጀምር ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ፤
ስለ ድልድይ የማውቀውን ለመጋረጃው አስነገረኝ።
ሦስቱም ያዩት ጆሮዬን ነው።
ተመልሼ ለእናቴ «ቦታው ሞልቷል» ያልኳት ያኔ ነው።

«ከጎኑ ማንሻ አለችው፤ ጫን አድርጊያት፣ ዝቅ ይላል።
እግርሽ መሬት ከነካ ወንበሩም ይታዘዛል።
ያላወቅሽውን አላውቅም በይ፤ ላብ አይጥመቅሽ፣ አትቀባጥሪ።
ደመወዝ ሲሉሽ ‹የሰጣችሁኝን› ብለሽ አትጀምሪ፤
አባትሽ ለገዢ ‹የፈቀድከውን ወርውር› ይላል?»
«ምን ሲደረግ!» አለች፤ ጀርባዋ ያኔ ቀና ብሏል።

አንዴ ዞረች። ደገመች። ዘበኛው በሩን ገፋ አድርጎ አየን፤
አንዲት መሐንዲስና አንዲት ተማሪ እንደ ሕፃን ስንስቅ አገኘን።

ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሩን ቆጠረች። «አምስት!
ለምን አምስት? አባባ ሁሌ ይላል፦ ይበቃል ሦስት፤
አራት እግር ደልዳላ ይሻል፤ ሦስት ግን
ጎርባጣም ላይ አይወዛወዝ፣ የትም ቢሆን።»

የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ያለችው።
«ይኼንኑ ንገሪያቸው» አልኳት። ሰረዟን ሰረዘችው፤
«በርጩማ ሥራ፣ ሰቃ፣ ዘጠኝ ዓመት» ብላ ጻፈች፤
«በርጩማ» ላይ ግን ትንሽ ቆማ ነበር፣ እስክሪብቶዋን እየነከሰች።

«ዋቢ» ከሚለው ሥር ሦስት ስም ደርድራለች፤
የመስጊዱን ሼህ፣ አጎቷን፣ የዶርም ጓደኛዋን ጽፋለች።
አጎትየው ስልክ የለውም።
የእኔን ስም ጻፍኩበት፤ አየች፣ ግን ምንም አላለችም።

የመጀመሪያውን ሥራ አላገኘችም።
ረቡዕ ደወለች። «አልሆነም» አለች፤ ድምጿ አልተሰበረም፤
«ወንበሩ ግን አልዞረብኝም።»

«ለአባትሽስ ምን ነገርሽው?»
«እውነቱን ነው።»

በስልኩ ውስጥ፣ ከሰቃ፣ ከእሷ ኋላ፣ መሮ ይሰማኛል፤
ያንኳኳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ያንኳኳል።